የውጭ አገር ተማሪዎች በአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ፦ የብቁነት ማረጋገጫ የሚዘገይበት ምክንያት

በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ የውድድር ወራት ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ከማሊ፣ ከቱርክ፣ ከሰርቢያ ወይም ከናይጄሪያ መጥተው፣ በዩኒቨርሲቲው ተመዝግበው፣ በመደበኛ ክፍል ገብተው እየተማሩ፣ ነገር ግን የቡድናቸውን ልብስ ለብሰው ወደ ሜዳ መግባት የማይፈቀድላቸው ወጣቶች በየጊዜው ይታያሉ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዬ ነው ብሎ ተቀብሎአል፤ አሠልጣኙም ይፈልገዋል፤ የሚጠበቀው ግን ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ካለ መሥሪያ ቤት የሚመጣ አንድ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ወጣቱ የሚጫወትባቸው ዓመታት ከአራት ያልበለጡ ስለሆኑ የሚያልፉት ሳምንታት ቀላል አይደሉም።

ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው በስፖርት ገጾች ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ግን ነገሩ በመሠረቱ የሥርዓተ ትምህርት ጉዳይ ነው የሚል ነው። የዘገየው ፋይል ሲገለጥ በውስጡ የሚገኘው የኳስ ነገር ጥቂት ነው፤ የሚበዛው የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት፣ የትርጉም ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ማኅተምና ትምህርቱ የተጠናቀቀበት ዓመት ነው። በመሆኑም ነገሩ ለመምህራን፣ ለርእሳነ መምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚገባቸው እንጂ የሚርቃቸው አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል። ይህ ማሳሰቢያ ለወግ ያህል የተጻፈ አለመሆኑም ወደ መጨረሻው ይታያል።

የስፖርት ማኅበር እንደ ትምህርት ቢሮ

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርትን በይበልጥ የሚመራው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ነው። በ1906 ሲቋቋም ዋና ምክንያቱ በአሜሪካ እግር ኳስ ይደርስ የነበረው የአካል ጉዳትና ሞት ነበር። የተማሪን የትምህርት ደረጃ መመርመር የያዘው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

አንድ የስፖርት ማኅበር እንዴት ወደዚህ ሥራ ሊገባ ቻለ ቢባል፣ መልሱ በአገሪቱ የትምህርት አወቃቀር ውስጥ ይገኛል። በአሜሪካ ለመላው አገር የወጣ አንድ ሥርዓተ ትምህርት የለም፤ አንድ ብሔራዊ የማጠናቀቂያ ፈተናም የለም። ትምህርት የየግዛቱና የየወረዳው ሥልጣን ነው። በአንዱ ከተማ «አልጀብራ» ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት በሌላው ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመሆኑ የሚመሰክር ማዕከላዊ አካል ባለመኖሩ፣ ኮሌጆቹ በተጫዋች ሽሚያ ላይ ሳሉ እርስ በርስ መተማመን አልቻሉም። አንዱ ኮሌጅ ማንበብ የማይችል ነገር ግን ኳስ የሚያውቅ ወጣት ቢቀበል ሌላው ተጎዳሁ ይላል። ስለዚህ የጋራ መለኪያ ፈለጉ።

በ1983 ጸድቆ በ1986 በሥራ ላይ የዋለው «ፕሮፖዚሽን 48» የተባለው ደንብ ይህን መለኪያ በግልጽ አስቀመጠ። አንድ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ ለመወዳደር በ11 መሠረታዊ ትምህርቶች አማካይ 2.0 ነጥብ እንዲያገኝ፣ በኤስ.ኤ.ቲ. ፈተናም ቢያንስ 700 እንዲያመጣ ተጠየቀ። ደንቡ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በአንድ ፈተና መለካት ድሃውንና ጥቁሩን ተማሪ ይጎዳል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በጃንዋሪ 1989 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን፣ ደንቡን ይበልጥ የሚያጠብቀውን ማሻሻያ በመቃወም፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሜዳውን ለቀው ወጡ። የፈተናው ግዴታ የተሰረዘው በጃንዋሪ 2023 ነው። የመሠረታዊ ትምህርቶቹ ቁጥር ግን እየጨመረ ሄዶ ከ2008 ጀምሮ በአንደኛው ዲቪዚዮን 16 ሆኖአል።

ደንቡ ሲበዛ ደንቡን እያነበበ የሚወስን ቢሮ አስፈለገ። በ1993 በአይዋ ግዛት አንድ የማጣሪያ ቢሮ ተከፈተ፤ በ2007 ደግሞ ሥራው የብቁነት ማዕከል በሚል ስም ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛወረ። ማዕከሉ ለእያንዳንዱ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀባይነት ያላቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ይይዛል። ለሌሎች አገሮችም የየአገሩን የክፍል ደረጃ፣ የምስክር ወረቀት ዓይነትና የነጥብ አሰጣጥ የሚገልጽ መመሪያ አለው። በአጭሩ፣ በብዙ አገሮች የትምህርት ሚኒስቴር የሚሠራውን የአቻ ግመታ ሥራ እዚህ የሚሠራው የስፖርት ማኅበር ነው። የመዘግየቱ ዋና ሥር ይህ ይመስለኛል። አቻ ግመታው የሚሠራው አገር ከአገር ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው፣ ልጁ ከመጣ ወይም ሊመጣ ከተቃረበ በኋላ ነው።

ማዕከሉን ብቻ መውቀስም ተገቢ አይሆንም። በ2006 ገደማ በአሜሪካ ራሷ ሳያስተምሩ ምስክር ወረቀት የሚያድሉ «ትምህርት ቤቶች» መኖራቸው በጋዜጣ ከተገለጠ ወዲህ ምርመራው መጥበቁ የሚጠበቅ ነበር። ቀበሮ በበዛበት ዶሮ ጠባቂው አይተኛም።

ምን ይመረመራል?

ምርመራው ሦስት ገጽታ አለው፤ ትምህርት፣ አማተርነትና ጊዜ።

በትምህርት ረገድ ከ16ቱ መሠረታዊ ትምህርቶች አራቱ እንግሊዝኛ፣ ሦስቱ ሒሳብ፣ ሁለቱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሁለቱ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲሆኑ፣ የቀሩት ከእነዚሁና እንደ ውጭ ቋንቋና ፍልስፍና ካሉት ይሞላሉ። የሚፈለገው ዝቅተኛ አማካይ ውጤት ከ4 ነጥብ 2.3 ነው። ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የየዓመቱን ውጤት፣ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀቱን፣ ሰነዱ በእንግሊዝኛ ካልሆነም በመጀመሪያው ቋንቋ ያለውን ወረቀትና የተረጋገጠ ትርጉሙን ማቅረብ አለበት።

ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ሆኖም ነጥብ ከአገር አገር ምን ያህል እንደሚለያይ መምህር ሁሉ ያውቃል። የፈረንሳይን ሥርዓት በሚከተሉ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ውጤት ከ20 ይሰጣል፤ ከ20 አሥራ አራት ያገኘ ልጅ ጎበዝ ከሚባሉት ይመደባል። ይህንኑ ውጤት ወደ መቶኛ ለውጦ 70 ብሎ የሚያነብ ሰው ግን መካከለኛ ተማሪ ያገኘ ይመስለዋል። የሚያስፈልገው የቁጥር ስሌት ሳይሆን የልማድ ዕውቀት ነው፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ላይ ማዕከሉ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው አንድ ኮሌጅ ተማሪውን እፈልገዋለሁ ብሎ በዝርዝሩ ሲያስገባው ነው። የውጭ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚመለመለው ዘግይቶ፣ በክረምቱ ወራት ስለሆነ፣ ፋይሉ የሚከፈተው ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የአገሩ ትምህርት ቤትም ለዕረፍት በተዘጋበት ወቅት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከሌጎስ የመጣው ናይጄሪያዊው ሐኪም ኦላጁዎን በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የ1980–81 የውድድር ዓመት ከማኅበሩ ፈቃድ ባለማግኘቱ ሳይጫወት አሳልፎታል። እርሱ በኋላ ቡድኑን ከ1982 እስከ 1984 በተከታታይ ለመጨረሻዎቹ አራት አድርሶ፣ በ1984 የባለሙያዎቹ ሊግ የመጀመሪያ ተመራጭ ስለሆነ የጠፋችው ዓመት ዛሬ አትታወስም። ታዋቂ ያልሆነው ተማሪ ያጣት ዓመት ግን የሚያካክሳት የለም።

በ2015 የማሊው ተወላጅ ሼክ ዲያሎ ለካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ሳለ ያጋጠመው ለመምህራን በይበልጥ ትምህርት ሰጪ ነው። ጥያቄ የተነሣው በማሊ ባገኘው ውጤት ብቻ ቢሆን ነገሩ በገባን ነበር። አብዛኛው ምርመራ ያረፈው ግን ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ የግል ትምህርት ቤት በተማራቸው ትምህርቶች ላይ ነበር፤ እነዚህ ትምህርቶች ከመሠረታዊዎቹ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም የሚል። ውሳኔው የተሰጠው ኖቬምበር 25 ቀን ሲሆን፣ ተጫዋቹ አምስት ጨዋታዎች ካለፉት በኋላ ዲሴምበር 1 ቀን ተሰለፈ። ልጁ ትምህርት ቤቱ የሰጠውን ትምህርት ተምሮአል፤ የትምህርቱን ዋጋ የመመዘን ግዴታ የእርሱ አልነበረም። ያም ሆኖ በመቀመጫ ላይ ሆኖ የጠበቀው እርሱ ነው።

አማተርነት የሚባለው ሁለተኛው ገጽታ የሁለት ዓለም ልማዶች የሚጋጩበት ነው። በአሜሪካ ስፖርት የሚያድገው በትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በአውሮፓ ግን ትምህርት ቤት ለብቻው፣ ክለብ ለብቻው ነው። የ15 ዓመት ልጅ በክለቡ የታዳጊዎች ቡድን ሲጫወት ቆይቶ ጥሩ ከሆነ ከአዋቂዎቹ ጋር ይሰለፋል፤ አዋቂዎቹም ደመወዝ ይከፈላቸዋል። በአገሩ ይህ የተለመደ የዕድገት መንገድ ነው፤ በኢንዲያናፖሊስ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ጥፋት ሲቆጠር ኖሮአል። ቱርካዊው ዴኒዝ ክልችሊ በ2009–10 ለዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን 20 ጨዋታዎች እንዳይጫወት የተደረገው ደመወዝተኛ ተጫዋች ባለበት ቡድን ውስጥ በመሰለፉ ነበር። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የአገሩ ልጅ ኤነስ ካንተር በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የከፋ ገጠመው። ከፌነርባህቼ ክለብ ከተገቢ ወጪው በላይ 33,033 ዶላር ተቀብሎአል ተብሎ በኖቬምበር 2010 ለዘለቄታው እንዳይጫወት ተወሰነ፤ ይግባኙም በጃንዋሪ 2011 ውድቅ ሆነ። አንድም የኮሌጅ ጨዋታ ሳይጫወት በዚያው ዓመት በባለሙያዎቹ ሊግ ምርጫ ሦስተኛ ሆኖ ተወሰደ።

«ተገቢ ወጪ» የሚለው ቃል ራሱ ምርመራን ይጠራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የትምህርት ክፍያ ምን ያህል ነበር? ደረሰኙ የት አለ? ውሉ በምን ቋንቋ ተጻፈ? ከክለቡ መልስ እስኪመጣ፣ መልሱም እስኪተረጎም ወራት ማለፋቸው አያስደንቅም። ተጫዋቹን በነፃ መስጠት የማይፈልግ ክለብ መልሱን ለማፋጠን የሚቸኩልበት ምክንያት እንደሌለውም መገመት ይቻላል።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ አገር አንባቢ ዋነኛው ይኸው ስለሆነ ጠንቅቆ ማየት ይበጃል። በ2025 በሥራ ላይ በነበረው ደንብ መሠረት አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን የቅርጫት ኳስ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ሊያጠናቅቅ ከሚገባበት ጊዜ በኋላ የአንድ ዓመት ፋታ ብቻ አለው። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ሳይገባ በተደራጀ ውድድር የተጫወተበት እያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ የመጫወቻ ዓመታት አንዱን ይቀንስበታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «ሊያጠናቅቅ የሚገባበት» የሚለው አነጋገር ነው። የሚቆጠረው ዘጠነኛ ክፍል ከገባበት ጊዜ ጀምሮ የአገሩ ሥርዓት በወሰነው የዓመት ብዛት ነው። ክፍል የደገመ ወይም ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ሰዓቱ አይጠብቀውም።

ገንዘብና ቪዛ

ከ2021 ጁላይ ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዶአል። በጁን 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ደግሞ ኮሌጆቹ ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው እንዲከፍሉ በር ከፍቶአል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያም ለአንድ ኮሌጅ ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። በዚህ ምክንያት ቀድሞ በአውሮፓ ክለቦች ይቀሩ የነበሩ ወጣቶች ወደ አሜሪካ ኮሌጆች መጉረፍ ጀምረዋል። ፋይሉም በዚያው ልክ በዛ። በ2023 በባለሙያዎቹ ሊግ ምርጫ 31ኛ ሆኖ የተመረጠውና ለባርሴሎና የተጫወተው ናይጄሪያዊ ጄምስ ናጂ፣ ከሊጉ ጋር ውል ባለመፈረሙ በዲሴምበር 2025 ለቤይለር ዩኒቨርሲቲ እንዲጫወት ሲፈቀድለት ብዙ አሠልጣኞች ተቃወሙ። ካንተርን በ33 ሺህ ዶላር ያገደ ደንብ ከ15 ዓመት በኋላ የት እንደደረሰ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ይሁን እንጂ የውጭ አገር ተማሪ ከዚህ ገንዘብ ያለ ሥጋት ሊካፈል አይችልም። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሥራ መሥራት ክልክል ነው። የኬንታኪው ተጫዋች ኮንጎአዊው ኦስካር ቺብዌ በ2022 ቡድኑ ወደ ባሃማስ በሄደ ጊዜ፣ ከአሜሪካ ምድር ውጭ መሆኑን ተጠቅሞ የማስታወቂያ ሥራ የሠራው ስለዚህ ነበር። ቪዛው ራሱም ሊቆም ይችላል። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ 2025 የአሜሪካ ኤምባሲዎች ለተማሪ ቪዛ አዲስ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ መስጠት አቁመው ነበር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 5 ቀን የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ቪዛ ሁሉ እንዲሰረዝ መወሰኑ ሲነገር፣ ደቡብ ሱዳናዊው ካማን ማሉዋች ለዱክ ዩኒቨርሲቲ በመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታ ላይ የተሰለፈበት ዕለት ነበር። ይህ ከትምህርት ቤት ወረቀት ውጭ የሆነ ስለሆነ እዚህ ላይ ይብቃን።

የእኛ ትምህርት ቤቶች ወረቀት

የብቁነት ማዕከሉ የሚመረምረው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ብቻ አይደለም፤ በሩጫ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያገኙትንም ነው። የትምህርት መለኪያውም ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ፣ ከበቆጂ ወይም ከሐዋሳ የሚላክ ትራንስክሪፕት በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ሊነበብ እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ተወልዶ በሰኔ 2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ጨረሰ እንበል። ዕድሜው 18 ነው፤ ምንም የጎደለው ነገር የለም። ፓስፖርቱ ላይ የተወለደበት ዓመት በአውሮፓውያን 2005 ተብሎ ይጻፋል። ትምህርት ቤቱ ግን ምስክር ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ሲያዘጋጅ 2015 የሚለውን ቁጥር እንዳለ አስቀምጦ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ሳይገልጽ ቢተወው፣ መርማሪው በፊቱ የሚያገኘው በ10 ዓመቱ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ነው። ልጁን እንደ ተአምር ካላየው ሰነዱን በሐሰት ይጠረጥራል። ፓስፖርቱን ሳያስተያይ ምስክር ወረቀቱን ብቻ ካነበበ ደግሞ የባሰ ነው፤ በ2023 የጨረሰው ልጅ ከስምንት ዓመት በፊት የጨረሰ ይመስልና የአንድ ዓመቱ ፋታ ገና ዱሮ አልቆ የመጫወቻ ዓመታቱ ሁሉ የተበሉ ሆነው ይታያሉ። ይህ ሁሉ ሁለት ቃል ባለመጻፉ ብቻ የሚመጣ ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው የምንከተለው። ፀጋዬ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፍ አንዱ የመዝገብ ሠራተኛ በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጀምረዋል። የዘጠነኛ ክፍል ካርዱ በአንድ መልክ፣ የ12ኛው በሌላ፣ ፓስፖርቱ በሦስተኛ መልክ ቢመጣ፣ ይህ ሦስት ሰው አይደለም ብሎ በደብዳቤ ማስረዳት የትምህርት ቤቱ ፈንታ ይሆናል። ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ደብዳቤ ነው፤ በኖቬምበር ሲጠየቅ ግን ርእሰ መምህሩን ማግኘት፣ ማኅተሙን ማስመታት፣ መላክ ሲባል ሳምንታት ይወስዳል። ልጁ ከመሄዱ በፊት በሰኔ ቢሠራ ይሻል ነበር።

ዕቅድ አውጪዎችን በቀጥታ የሚመለከተው ደግሞ የፈተናው ዓመት ነው። በወረርሽኙ ምክንያት የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተሰጠው በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ ነበር። የ2013ቱ ወደ 2014 መጀመሪያ ተሻገረ፤ የ2014ቱም ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈተኑ። ስለዚህ በሦስት ተከታታይ ዓመታት የተፈተኑ ተማሪዎች ሁሉ ትምህርታቸውን የጨረሱበት ዓመትና በምስክር ወረቀታቸው ላይ ያለው የፈተና ዓመት አይገናኝም። ከሁለቱ የትኛው ይቆጠራል? በመጀመሪያው ከተቆጠረ፣ የ2012ቱ ተፈታኝ ውጤቱን በእጁ ይዞ ለሴፕቴምበር 2021 ኮሌጅ ሲደርስ የአንድ ዓመት ፋታው አልፎአል፤ በመካከሉ በክለብ ውድድር ተሰልፎ ከነበረም ይቀነስበታል። በሁለተኛው ከተቆጠረ ምንም አልጎደለበትም።

የየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይህን በየግሉ ለውጭ አገር ቢሮ እያስረዳ ሊኖር አይችልም። ፈተናው የዘገየው በተማሪው ድክመት ሳይሆን በመንግሥት ውሳኔ መሆኑን፣ የትኛው የትምህርት ዘመን በየትኛው ቀን እንደተፈተነ፣ የመቶኛ ውጤቶቻችን ምን ያህሉ እጅግ ጥሩ፣ ምን ያህሉ መካከለኛ እንደሚባሉ የሚገልጽ አንድ ገጽ መግለጫ በማዕከል ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎና በሁለቱም አቆጣጠር ቀን ተሰጥቶት፣ ከእያንዳንዱ ትራንስክሪፕት ጋር እንዲያያዝ ቢደረግ ብዙ ፋይሎች ሳይዘገዩ ያልፋሉ። ለስፖርተኞች ብቻም አይደለም፤ በሌላ መስክ ለመማር ወደ ውጭ የሚያመለክተው ተማሪም ይህንኑ ወረቀት ይፈልገዋል። እስከዚያው ድረስ ግን የትምህርት ቤቱ የመዝገብ ሠራተኛ በእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ የማን አቆጣጠር መሆኑን ቢጽፍ፣ ከዘጠነኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን የአራቱን ዓመታት ውጤት አንድም ሳይጎድል ቢያያይዝ፣ ልጁ ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረ ከሆነም የቀድሞውን ትምህርት ቤት ካርድ አስቀድሞ አስመጥቶ ቢያስቀምጥ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።